ኤስ14 ላይ የሬክ ስፔሰር ልገጥም ነው፤ 3 ሚሊ ወይስ 5 ሚሊ?

ጎማ_ጠማማ

ሰላም ለቤቱ። የ1996 ኒሳን 240ኤስኤክስ አለችኝ፣ ኤስ14 የሚሏት። ሞተሯ ያው ኬኤ24 ነው፣ አልነካሁትም። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ወር ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የመኪና ውድድር ሜዳ፣ ሰሚት ፖይንት፣ ለድሪፍት ሄጄ ቀኑን ሙሉ ስሽከረከር ዋልኩ። መኪናዋ ወደ ጎን በደንብ ትወጣለች። መሪውን በተቃራኒው እሰጣታለሁ፣ ትይዛለች፣ ትይዛለች፣ ከዚያ መሪው ኳ ይልና ያልቃል። እሱ ካለቀ በኋላ እኔም ተሳፋሪ ነኝ። ቁጭ ብዬ ሣሩን ማየት ነው።

አንድ ልጅ መጣና ጎንበስ ብሎ አይቶ «ሬክ ስፔሰር አስገባበት፣ ሃያ ዶላር አይሞላም» አለኝ። ቤት ገብቼ ፎቶውን ሳይ ሳቄ መጣ። ሮንዴላ እኮ ነው! ሁለት ሮንዴላ። ይሄ ነው አንግል፣ የፊት ጎማው የሚዞርበትን ዲግሪ ማለቴ ነው፣ የሚጨምረው? ከሆነስ 3 ሚሊ ይሻላል 5 ሚሊ? ሊፍት የለኝም፣ ክሪክና ሁለት ስታንድ ብቻ ነው ያለኝ።

ሻርጃ_ጋራዥ

አዎ ሮንዴላ ነው። ግን የት እንደሚገባ ሳታውቅ እንዳትገዛ። ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ውስጥ ጋራዥ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ድሪፍት ያበደባቸው ልጆች መኪና በየጊዜው ይመጣልኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዳህ።

መሪውን ስታዞር ፒንየኑ፣ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ትንሽ ጥርስ ያለው ማርሽ፣ ሬኩን ወደ ግራና ቀኝ ይገፋዋል። ሬኩ ጥርስ ያለው ረጅም ዘንግ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ሬኩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ የውስጥ ታይ ሮድ ታስሯል፣ ኳሱን የያዘው ወፍራም ራስ ማለቴ ነው። ያ «ኳ» ያልከው ድምፅ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል? ሬኩ ወደ ቀኝ ሲሄድ የግራው ራስ መጥቶ የሬኩን ቤት ጫፍ ይመታል። ማቆሚያው እሱ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ስፔሰሩ የሚገባው በሬኩ ጫፍና በዚያ ራስ መሃል ነው። ራሱ 3 ሚሊ ወደ ውጭ ከወጣ ሬኩ ሳይመታ 3 ሚሊ ተጨማሪ ይሄድልሃል።

ታዲያ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የስፔሰሩ የውጭ ወርድ ከሬኩ ቤት ቀዳዳ ጠበብ ማለት አለበት፣ ገብቶ እንዲያልፍ። ከብረታ ብረት ሱቅ ሰፊ ሮንዴላ ገዝተህ ብትከት ራሱ ሮንዴላው ነው ቤቱን የሚመታው። ታይ ሮድህን አርዝመህ፣ አላይመንትህን አበላሽተህ፣ አንግሉ እዚያው ነው።

ስሞክ_ሾው

ብዙ አትጨነቅ ወንድሜ 5 ሚሊ በለውና ንዳ። እኔ ሁለት ሰመር ነዳሁበት ምንም አልሆነም። 3 ሚሊ ገብቶ ለምን ይደክማል ሰው።

ቶርኖ_ቤት

ስሞክ፣ «ምንም አልሆነም» ልኬት አይደለም :)

እኔ አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ነው ያደግኩት፣ አሁንም ብረት ነው የምቆርጠው። ነገሩን በቁጥር ላሳያችሁ። ናክሉ ላይ፣ ጎማውን ይዞ የሚዞረው ብረት ማለቴ ነው፣ ታይ ሮዱ የሚታሰርበት ክንድ 110 ሚሊ ነው እንበል። ይሄ ለምሳሌ ነው፣ የራስህን ለካ። ሬኩ ከመሃል ወደ አንድ ጎን 68 ሚሊ ከሄደ ጎማው ወደ 38 ዲግሪ ይዞራል። 71 ቢሄድ 40 ይሆናል፣ 73 ቢሄድ 41 ተኩል ገደማ። ስለዚህ 3 ሚሊ የሚሰጥህ ሁለት ዲግሪ ነው፣ 5 ሚሊ ሦስት ተኩል። ታይ ሮዱ ራሱ አግድም ስለሚሄድ እውነተኛው ቁጥር ትንሽ ይለያያል፣ ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም። «አሥር ዲግሪ ጨመረልኝ» የሚልህ ሰው አልለካም።

አሁን የምትከፍለውን እይ። የውስጥ ታይ ሮዱ እንደ ቡሎን በጥርስ ነው ሬኩ ውስጥ የሚገባው። የጥርሱ እርምጃ፣ በአንድ ዙር የሚገባው፣ 1.5 ሚሊ ከሆነ 3 ሚሊ ስፔሰር ሁለት ዙር ይበላብሃል። 5 ሚሊ ደግሞ ከሦስት ዙር በላይ። ብረት ከብረት ሲታሰር እኛ ቤት የምንለው ቢያንስ የቡሎኑን ወርድ ያህል ይግባ ነው፣ 14 ሚሊ ወርድ ካለው 14 ሚሊ ይንከስ። ታይ ሮዱን ስትፈታ ጥርሱን በካሊፐር ለካ፣ ከሱ ላይ የስፔሰሩን ውፍረት ቀንስ፣ የቀረው ካልበቃ ነገሩ አለቀ፣ አትግጠም። አንዳንድ ስፔሰር የራሱ ጥርስ ኖሮት ይሸጣል፣ ያ ሌላ ነው፣ ጥርስህን አይበላም።

ቪትዝ_ቦሌ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ እኔ ድሪፍት ምናምን የለኝም። ቪትዝ ነው የምነዳው፣ ሰፈራችን መንገዱ ጠባብ ነው፣ ለመዞር ሦስቴ ወደፊት ሦስቴ ወደኋላ ነው። ይሄ ነገር እኔ ጋ ይሠራል?

ሻርጃ_ጋራዥ

ቪትዝ፣ ለአንተ አይሆንም። የአንተ መኪና የምትጎተተው በፊት ጎማ ነው። ከጎማው ጋር አብሮ የሚጠማዘዝ ሲቪ ጆይንት አለ፣ ፋብሪካው ሬኩን ያቆመው እሱ የሚችለውን ያህል አስልቶ ነው። ጨምረህ ስታጥፈው መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ቡቱ፣ የላስቲክ ሽፋኑ፣ ይቀደዳል፣ ከዚያ ግራሶው ቸርኬህ ላይ ይረጫል። ሦስቴ ወደፊት ሦስቴ ወደኋላው ይሻልሃል። የጎማ_ጠማማ ኒሳን በኋላ ጎማ ስለምትገፋ ፊቷ ላይ አክስል የለም፣ ለዚህ ነው ድሪፍቶች የሚወዷት።

ስሞክ ደግሞ ለአንተ። የሬኩ ውስጥ ፒስቶን አለ፣ የፓወር ስቲሪንጉ ዘይት የሚገፋው። ጫፍና ጫፉ ላይ የዘይት ማኅተም አለ። ፋብሪካው ታይ ሮዱ ውጭ እንዲመታ ያደረገው ፒስቶኑ ውስጥ እንዳይመታ ነው። ስፔሰሩን ስታበዛ ማቆሚያው ከውጭ ወደ ውስጥ ይዛወራል። ያኔ መሪውን ባስጨረስክ ቁጥር የሚመታው ማኅተሙ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ወርደህ ስታይ የግራው ቡት ውስጥ ዘይት ሞልቷል። ሁለተኛ ነገር፣ የሬኩ ጥርስ ማለቂያ አለው። ፒንየኑ ጥርስ ወደሌለበት ከተጠጋ መሪህ ሻካራ ይሆናል፣ ልክ ጠጠር ላይ እንደሚሄድ። እንደዚያ የሆነ ሬክ ሁለቴ ቀይሬያለሁ።

ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው። ታይ ሮዶቹን ሁለቱንም ፍታ፣ ሬኩን ባዶውን በእጅህ በቀስታ አዙረውና ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት እንደሚሄድ ለካ። ከፋብሪካው ጉዞ ስንት እንደተረፈህ ይነግርሃል። ከዚያ ትርፍ ውስጥ ሁለት ሚሊ ለእግዜር ተውለት።

ስሞክ_ሾው

እሺ አባቴ። የኔ ሬክ ትንሽ ማላብ ጀምሯል፣ እውነቱን ለመናገር 😅 ማርጀት መስሎኝ ነበር።

አሌክስ_703

እኔ የራሴን ጉድ ልናገርና ይማርበት ሰው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው፣ ማንም ጋራዥ አልነካውም።

ኤስ13 ነበረኝ፣ የኤስ14 ታላቅ። ፋብሪካው ታይ ሮዱን የሚቆልፈው ጆሮ ባለው ሮንዴላ ነው፣ ጆሮውን አጥፈህ ታይ ሮዱ እንዳይዞር ትይዘዋለህ። እኔ ስፔሰሩን ሳስገባ ያንን ሮንዴላ አውጥቼ ጣልኩት፣ «ቦታ ይበላል» ብዬ። ሎክታይትም፣ ቡሎን እንዳይፈታ የሚያጣብቀውን ሙጫ፣ አላደረግኩም። ጥርሱ ላይ የነበረውን የድሮ ግራሶ እንኳን በደንብ አልጠረግኩም። በጉልበቴ አጠበቅኩት፣ በቃ።

ሁለት ወር ሠራ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ እንጀራ ልገዛ ፓርኪንግ ውስጥ ቀስ ብዬ ስዞር መሪው ድንገት ቀለለኝ። ወርጄ ሳይ አንዱ ጎማ ወደ እንጀራ ቤቱ ያያል፣ አንዱ ወደ መንገዱ። ታይ ሮዱ በየዞረበት ትንሽ ትንሽ እየተፈታ መጥቶ ወጥቷል። ከአሥር ደቂቃ በፊት ሀይዌይ ላይ ነበርኩ። እግሬ ሲንቀጠቀጥ ቆሞ ማየት ብቻ ሆነ፣ እንጀራውን ሳልገዛ ነው የተመለስኩት።

ስለዚህ ጎማ_ጠማማ፣ ጥርሱን በብሬክ ክሊነር እጠበው፣ ቀዩን ሎክታይት አድርግ፣ ጆሮ ያለውን ሮንዴላ ከቻልክ አትጣለው። ከቻልክ አዲስ ግዛ፣ አንዴ የታጠፈ ጆሮ ሁለተኛ ሲታጠፍ ይሰበራል። ስንት እንደሚጠብቅ ደግሞ የፋብሪካውን ማኑዋል ፈልግ፣ በቶርክ ቁልፍ እንጂ በጉልበት አይሁን። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ቡቱን ገልጠህ እይ።

ፍራንክፈርት_ሜይን

እዚህ ጀርመን እንዲህ ያለ ጨዋታ የለም። መሪ ላይ ያልተፈቀደ ነገር ከነካህ መኪናዋ መንገድ ላይ የመሄድ ፈቃዷን ታጣለች፣ ቱፍ ላይ፣ የመኪና ምርመራው፣ አታልፍም፣ ኢንሹራንሱም ይከራከርሃል። እዚያ አሜሪካ እንዴት ነው?

አሌክስ_703

ቨርጂኒያ በየዓመቱ የሴፍቲ ኢንስፔክሽን አለብን፣ መሪውን ያናውጡታል፣ የላላ ነገር ካለ ይጥሉሃል። ሜሪላንድ መኪና ስትሸጥ ስትገዛ ነው እንጂ በየዓመቱ የለም፣ ጎማ_ጠማማ ዕድለኛ ነው። ለነገሩ ኢንስፔክሽን አለፈ ማለት ታይ ሮዱ ጠብቋል ማለት አይደለም። የኔዋ አልፋ ነበር።

ዲኤክስ_አይሞትም

አዲስ አበባ ነኝ፣ አባቴ የተወልኝ ዲኤክስ አለችኝ፣ የኋላ ገፊ ናት። እሷ ላይስ? ሶማሌ ተራ ይሄን ስፔሰር ብጠይቅ አገኛለሁ?

ቶርኖ_ቤት

ዲኤክስ ወንድሜ፣ አታገኝም፣ ብታገኝም የት ትከተዋለህ? የዲኤክስ መሪ ሬክ አይደለም፣ ቦክስ ነው። መሪው ቦክሱን ያዞራል፣ ቦክሱ ክንድ ያንቀሳቅሳል፣ ክንዱ በዘንግ ጎማውን ይገፋል። ሬክ የለም፣ የሬክ ጫፍ የለም፣ ስፔሰር የሚገባበት ቦታም የለም። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ዲኤክስን ሲያድሪፍቱ የወንድሟን የኤኢ86ን መሪና የፊት እግር አምጥተው ይገጥማሉ፣ እሱ ሬክ አለው። አባትህ የተወልህን መኪና ግን ተዋት እባክህ፣ በጤና ትሂድልህ።

ድሪፍት_ናፋቂ

እኔ የሚገርመኝ ሰው ስፔሰር ሲል ስለ ሦስት የተለያየ ነገር ነው የሚያወራው። አንደኛው ይሄ ሬኩ ጫፍ ላይ የሚገባው። ሌላው ከሬኩ ማሰሪያ ሥር የሚገባው ነው፣ ሬኩን እንዳለ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያንቀሳቅሰዋል፣ እሱ አንግል ሳይሆን የሁለቱን ጎማ ልዩነት ነው የሚቀይረው። ሌላው ደግሞ በጎማውና በሐቡ መሃል የሚገባው። ከመግዛትህ በፊት ፎቶውን እይ። እኔ ሬኩን አዝዤ ሐቡ መጣልኝ።

ሌላ ጥያቄ፣ ለሻርጃ። ስፔሰሩን ትቼ ናክሉን ባሳጥርስ?

ሻርጃ_ጋራዥ

የናክሉን ክንድ ስታሳጥር በዚያው የሬክ ጉዞ ብዙ አንግል ታገኛለህ፣ ልክ ነው። ከቶርኖ_ቤት ስሌት ላይ 110ሩን 90 አድርገህ አስላው፣ ራስህ ታየዋለህ። ግን መሪው ይከብዳል፣ ስሜቱም ይፈጥናል። ከዚያም የሚያስፈራው ነገር ይመጣል። ታይ ሮዱና የናክሉ ክንድ በአንድ መስመር ሲገጣጠሙ ጎማው ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፣ ተቆልፎ ይቀራል። አንድ ልጅ አምጥቶልኝ መሪውን አስጨርሶ ሲመልሰው ጎማው አልመለስ አለ። ወርጄ በእግሬ ረግጬ ነው ያስመለስኩት። ይሄ ቆሞ ነው፣ እየሄደ ቢሆንስ? የኢስቶኒያዎቹ ዊዝፋብ የሚሸጡት ሙሉ ኪት ናክሉን፣ የታችኛውን ክንድ፣ ሁሉንም አብሮ የሚቀይረው ለዚህ ነው። እሱ 60 ዲግሪ አካባቢ ይወስድሃል፣ ዋጋው ግን የሮንዴላ አይደለም። ጀማሪ አያስፈልገውም።

ጎማ_ጠማማ፣ አንድ ነገር ረስቼ። ስፔሰሩ ሁለቱንም ታይ ሮድ ያረዝማል። በአንተ መኪና ሬኩ ከጎማው መሃል ፊት ለፊት ስለሆነ የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውጭ ይከፈታል። 3 ሚሊ ትንሽ እንዳይመስልህ፣ በየጎማው አንድ ተኩል ዲግሪ ነው፣ እንደዚያ ነድተህ ብትሄድ አዲስ ጎማ በአጭር ጊዜ ያልቃል። የውጩን ታይ ሮድ በዚያው 3 ሚሊ ወደ ውስጥ አስገባው፣ ከዚያ አላይመንት ውሰዳት።

ጎማ_ጠማማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሁለቱንም ገዝቻለሁ፣ 3 እና 5። ቅዳሜ እሞክራለሁ።

ጎማ_ጠማማ

ተመለስኩ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ለካሁ። ድራይቭዌዩ ላይ በጠመኔ ጎማው ቀጥ ብሎ ሳለ መስመር አሰመርኩ፣ ከዚያ መሪውን አስጨርሼ ረጅም ጣውላ ጎማው ላይ አስደግፌ ሌላ መስመር። አንድ ሜትር ርቄ በሁለቱ መስመር መሃል ስለካ 78 ሴንቲሜትር። 38 ዲግሪ ማለት ነው። ቶርኖ_ቤት የጻፍከው ቁጥር ሲመጣ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ ፈታሁ። የውጩን ታይ ሮድ ስፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ቆጠርኩ፣ 21 ተኩል፣ እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ቡቱን፣ ያ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈውን፣ ወደ ኋላ ገፋሁት። ውስጡ ጥቁር የሃያ ምናምን ዓመት ግራሶ። ጆሮ ያለውን ሮንዴላ በትንሽ መሮ አቃናሁት። እዚህ ላይ ልሳሳት ነበር፣ ታይ ሮዱን ብቻ ይዤ ልጠመዝዝ ስል አንድ ቪዲዮ ላይ ያየሁት ትዝ አለኝ። ሬኩን ራሱን በሌላ ቁልፍ ካልያዝከው ጉልበቱ በሙሉ ፒንየኑ ጥርስ ላይ ነው የሚያርፈው። ያዝኩት። ጓደኛዬ አንዱን ቁልፍ እኔ አንዱን፣ እንደ ገመድ ጉተታ።

ባዶውን ሬክ በእጄ አዞርኩት፣ በየጎኑ ከፋብሪካው ጉዞ በላይ 7 ሚሊ ይሄዳል። በኔዋ ማለቴ ነው። ሁለት ሚሊ ለእግዜር ስተው 5 ሚሊው ልክ ይገባል ብዬ ደስ አለኝ። ጥርሱም ይበቃ ነበር። 5 ሚሊውን ከተትኩ፣ ጎማውን አስገባሁ፣ መሪውን አስጨረስኩ፣ ጎማው ቴንሽን ሮዱን፣ የታችኛውን ክንድ ከፊት የሚይዘውን ዘንግ፣ ነካ። ትንሽ አይደለም፣ ተደግፎበታል። ሬኩ ቦታ አለው፣ ጎማው የለውም። ፓራፋንጎውን የሚነካ መስሎኝ እሱን ስጠብቅ በሌላ በኩል መጣብኝ።

እንደገና ፈታሁ። 3 ሚሊ ከተትኩ፣ ጥርሱን አጠብኩ፣ ቀይ ሎክታይት፣ አዲስ ጆሮ ያለው ሮንዴላ፣ ቶርክ ቁልፍ። አሁን ከቴንሽን ሮዱ ጋር አንድ ጣት ያስገባል። የፍሬን ላስቲክ ቱቦውም አይወጠርም፣ መሪውን በሁለቱም በኩል አስጨርሼ በባትሪ አየሁት። በጠመኔ ስለካ ከ78 ወደ 84 ሄዷል፣ 40 ዲግሪ። ከጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሬ ማታ አንድ ሰዓት ጨረስኩ። ሁለት ዲግሪ ለማግኘት።

ስሞክ_ሾው

ቴንሽን ሮዱን ለማስለቀቅ እኮ 20 ሚሊ የጎማ ስፔሰር ብትጨምር 5ቱ ይገባ ነበር

ሻርጃ_ጋራዥ

ስሞክ አንተ ሰውዬ። መጀመሪያ የራስህን ማኅተም ቀይር።

ጎማ_ጠማማ፣ ጥሩ ሠርተሃል። ቡቱ ሙሉ ሲዘረጋ እንዳይቀደድ ብቻ በየጊዜው እየው። መሪውን አስጨርሰህም ይዘህ አትቆይ፣ ፓምፑ ይግላል።

አሌክስ_703

ቡቱን ገልጠህ አይተኸዋል ከነዳህ በኋላ?

ጎማ_ጠማማ

አይቻለሁ። ስገጥም በነጭ ቀለም ከታይ ሮዱ እስከ ሬኩ አንድ መስመር አድርጌ ነበር፣ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው። አላይመንቱንም ሠኞ አሠራሁ።

ድሪፍት_ናፋቂ

ሰሚት ፖይንትስ? ሄድክ?

ጎማ_ጠማማ

ትናንት ነው የተመለስኩት። ሁለት ዲግሪ ቀልድ መስሎኝ ነበር። መሪው ያልቃል ብዬ ስጠብቅ ትንሽ ቦታ አለ፣ በዚያች ቦታ ጋዙን ለቀቅ አድርጌ እመልሳታለሁ። ከሰዓት በኋላ አንዴ ብቻ ሣር ውስጥ ገባሁ፣ እሱም ፍሬን ረግጬ ነው፣ መሪው ምንም አላደረገኝም። 5 ሚሊዎቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ ቴንሽን ሮዱ ከጎማው የራቀለት ካለ በነፃ ይውሰዳቸው፣ ፖስታውን ይክፈል ብቻ።